መንገድም ቅባት ይሻል

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ምሳሌ በልጅነቱ ያልሰማ የለም፤ ነገር ግን ሥራ ከያዝን በኋላ በተግባር የምናውለው ጥቂቶች ነን። ለዚህም ከመንገዶቻችን የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጣርማ በር፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቦረቦረውን ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ካፖርቱን አውልቆ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ሆኗል። ብርዱ በሙቀት መለወጡን የሚያውቀው መንገደኛው ብቻ አይደለም፤ አስፋልቱም ያውቀዋል። የይፋት ቆላ ሙቀት ሬንጅን ከደጋው ይልቅ ፈጥኖ ያስረጃልና።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አስፋልት በክብደቱ ከመቶ 95 ያህሉ ጠጠርና አሸዋ ሲሆን፣ ያን ሁሉ አንድ አድርጎ የያዘው 5 ያህል እጅ የሚሆነው ሬንጅ ነው። በሬንጁ ውስጥ ልስላሴ የሚሰጡት ቅባቶች አሉ። የአየሩ ኦክሲጅን ከሬንጁ ጋር እየተዋሐደ እነዚህን ቅባቶች ያደርቃቸዋል። አየሩ 35 ዲግሪ በሆነበት ቀን የጥቁሩ መንገድ ፊት 60 ዲግሪ ሊደርስ ስለሚችል፣ በቆላ ይህ ለውጥ ይፈጥናል። በመጀመሪያ ጥቁሩ ፊት አመድማ ይሆናል፤ ቀጥሎ ደቃቁ ጠጠር ይረግፋል፤ ከዚያም እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይታያል። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ በዚያ ስንጥቅ ገብቶ መሠረቱን ያላላዋል፤ ከባድ መኪናም ሲያልፍበት ጉድጓዱ ይከፈታል። እንግዲህ ጉድጓድ የበሽታው መጨረሻ እንጂ መጀመሪያው አይደለም።

አገሬው ይህን ጠባይ በሌላ ነገር ያውቀዋል። የጭነት ጠፍር በፀሐይ ደርቆ ሳይበጠስ ቅባት ይቀባል፤ ከተበጠሰ በኋላ ቅቤ ቢያፈሱበት አይቀጠልም። መሐንዲሶችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። አንደኛው ዘዴ «ፎግ ሲል» የሚባለው ስስ ርጭት ነው። ሬንጁ በውሃ ውስጥ በደቃቁ ተበትኖ፣ ብዙ ጊዜም እኩል ውሃ ተጨምሮበት፣ በአንድ ካሬ ሜትር ግማሽ ሊትር ያህል ይረጫል። ሲረጭ ቡናማ ነው፤ ውሃው ሲለየው ይጠቁርና ጥቃቅኑን ስንጥቅ ይደፍናል፣ የላላውን ጠጠር ይይዛል። ሁለተኛው «ሪጁቬኔተር» የተባለው ነው፤ ይህ ደግሞ ከላይኛው ገጽ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ሰርጎ፣ ሬንጁ ያጣውን ልስላሴ እንዲመልስ የተዘጋጀ ዘይት ነው።

ይሁን እንጂ መድኃኒትም ልክ አለው። መሠረቱ በሰመጠና እንደ አዞ ቆዳ በተሰነጣጠቀ መንገድ ላይ ቢረጩት፣ ነውሩን ለጊዜው ከመሸፈን በቀር አይረባም። ከልክ በላይ የጫነ መኪና ለሚሰብረው መንገድም መድኃኒቱ ሚዛን እንጂ ርጭት አይደለም። መጠኑ ከበዛ ደግሞ መንገዱን ያንሸራትታል፤ ይህ ከጣርማ በር በታች ባለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ቢደርስ የሰው ሕይወት ያስከፍላል። ስለዚህ አስቀድሞ በጥቂት ቦታ መሞከር፣ እስኪደርቅ መኪና ማገድ፣ ሲያስፈልግም አሸዋ መነስነስ ይገባል። ጊዜውም ክረምቱ ከወጣ በኋላ ያለው ደረቅ ወራት ነው። አንዱ ርጭት ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ስለሚያገለግል፣ ጥቅሙ የሚታየው በየጊዜው ሲደጋገም ነው።

«መንገዱ ገና ጥቁር ነው፤ ምንም መንገድ ያላገኘ ቀበሌ እያለ ለደኅናው ለምን ገንዘብ ይወጣል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ግን ታሪካችን ሰጥቶናል። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ጥገና ያጡት አውራ ጎዳናዎች እየፈራረሱ ስለ ሄዱ፣ አገራችን በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመበደርና የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንን ለማቋቋም ተገደደች። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ሲቋቋም፣ ከነዳጅ ላይ ለጥገና የሚውል ገንዘብ እንዲሰበሰብ ተደነገገ። የዓለም ባንክም በ1986 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ የአፍሪካ አገሮች ባለፈው ዐሥር ዓመት 12 ቢሊዮን ዶላር በጊዜው ለጥገና አውለው ቢሆን ኖሮ፣ መንገድ እንደገና ለመሥራት የሚወጣ 45 ቢሊዮን ዶላር ይተርፍ ነበር ብሏል። ደኅናውን መንገድ የሚጥል ሰው፣ መንገድ የሌለውን ቀበሌ ድርሻ ጭምር ያባክናል ማለት ነው።

ዕዳውንም የሚከፍለው በጀቱን የፈረመው ሹም አይደለም። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ በመስኖ ያለማው ቲማቲም በጉድጓድ ሲንገላታ የሚፈርስበት ገበሬ ነው፤ ምጥ ጠንቶባት ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የምትወሰድ እናት ናት።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ነገ ከፊትህ የሚቀርበው ወረቀት የመንገድ በጀት ሊሆን ይችላል። መንገዱ መቼ ተነጠፈ፣ ለመጨረሻ ጊዜስ መቼ ተረጨ ብለህ ጠይቅ፤ መልሱም በመዝገብ ይጻፍ። ክረምቱ ሲወጣ ከመኪናህ ወርደህ በእግርህ እየሄድህ ተመልከተው። አዲስ መንገድ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ ጭብጨባም ይሰማል፤ ሳይበላሽ ለተጠበቀው ግን የሚያጨበጭብ የለም። ጭብጨባ በሌለበት የሚሠራ ሹም ያስፈልገናል።