2,700 ብልጭታ፣ 352 ፎቶ

ትልቅ ቁጥር ያሳውራል። ጀርመን ውስጥ ከሃምቡርግ ተነስቶ እስከ ጎረቤቷ ሼንፌልድ ድረስ በመሬት ውስጥ 3.4 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ፣ ዩሮፒያን ኤክስፌል የሚባል ማሽን አለ። የተመረቀው በ2017 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጠራቸው)። በ2005 ዋጋ ሲሰላ 1.22 ቢሊዮን ዩሮ ፈጅቷል። ሥራው ራጅ መርጨት ነው። ሐኪም ቤት የምንነሳውን ዓይነት ራጅ ግን አይደለም። የሰኮንድን ትሪሊዮንኛ አሥር ቦታ ብትከፍሉት ከአንዱ ክፋይ የማያልፍ ብልጭታ ነው። ፕሮቲን እንዴት እንደተጣጠፈ፣ ሞለኪውሎች ሲገናኙ በየቅጽበቱ ምን እንደሚሆኑ የሚታየው በእንዲህ ያለ ብርሃን ነው። ማሽኑ ሙሉ አቅሙን ሲጠቀም በሰኮንድ 27,000 ብልጭታ ይለቃል።

27,000! ብሮሹሩ ይጽፈዋል፣ ጋዜጣው ያስተጋባዋል፣ ሪባን ቆራጩ ይደግመዋል። እሺ፣ እናጨብጭብ። ጭብጨባው ሲያበቃ ግን አንድ ጥያቄ አለን። ከ27,000ው ስንቱ ታየ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ ብልጭታዎቹን በእኩል ርቀት አይልካቸውም። በሰኮንድ 10 ጊዜ፣ እንደ ባቡር ፉርጎ አስከትሎ ይለቃቸዋል። አንዱ ባቡር እስከ 2,700 ብልጭታ ይይዛል። በሁለት ብልጭታ መካከል ያለው ጊዜ 220 ናኖሰኮንድ ነው። ባቡሩ በ0.6 ሚሊሰኮንድ ያልፋል፣ ከዚያ 99.4 ሚሊሰኮንድ ጸጥታ ይሆናል። ከብርሃኑ ፊት ከሚቀመጡት መቅረጫዎች አንዱ፣ አጂፒዲ የሚባለውና አንድ ሚሊዮን ያህል ፒክስል ያለው፣ ከአንድ ባቡር 352 ምስል ይይዛል። ቀሪው 2,348 ብልጭታ በርቶ ጠፋ። ከመቶ 13 ታየ፣ 87ቱ ሳይታይ አለፈ።

ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም ሥራ ላይ አልተኛም። አጂፒዲን የሠሩት የጀርመኑ ዴዚ፣ የስዊዘርላንዱ ፖል ሼረር ተቋም፣ የቦንና የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። በዘርፉ ከእነሱ የሚሻል ብዙ አይገኝም። የእኛ ጠብ ከእነሱ ጋር አይደለም። ጠባችን የምርምርን ፍጥነት በመብራቱ ከሚለካው አስተሳሰብ ጋር ነው። የራጅ ምርምር የሚፈጥነው ዓይኑ በፈጠነው ልክ ነው፤ ዓይኑን ደግሞ የሚወስነው ከኋላው ያለው የማንበቢያ ኤሌክትሮኒክስ ነው። መሐንዲሱ ይህን ያውቃል። በጀት የሚመድበው፣ ዜና የሚሠራውና ዕቅድ የሚያወጣው ግን እንዳልሰማ ያልፈዋል።

ከጤፍ ፍሬ ባነሰ ቦታ

«ታዲያ ፈጣን ካሜራ ለምን አይሠሩም?» የሚል አይጠፋም። እስቲ አንድ ፒክስል ውስጥ እንግባ።

የአጂፒዲ ፒክስል ስፋት 0.2 ሚሊሜትር በ0.2 ሚሊሜትር ነው። ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ያንሳል። ከላይ የሲልከን ንጣፍ አለ። አንድ የ12,000 ኤሌክትሮን ቮልት የራጅ ፎቶን እዚያ ሲያርፍ 3,300 ያህል ኤሌክትሮኖችን ያስለቅቃል። እነዚህ በደቃቅ የብረት ኳስ በኩል ወደ ታችኛው ቺፕ ይወርዳሉ። እያንዳንዱ ፒክስል ከሥሩ የራሱ ማጉያና የራሱ ሰርኪዩት አለው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። በአንዱ ብልጭታ አንዱ ፒክስል አንድ ፎቶን ብቻ ሊደርሰው ይችላል፤ ትንሽ ራቅ ያለው ጎረቤቱ 10,000 ፎቶን ይወርድበታል። ሁለቱም በትክክል መለካት አለባቸው። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ኤሌክትሮኖቹን 100 ፌምቶፋራድ በሆነ ካፓሲተር ብንሰበስብ አንድ ፎቶን 5 ሚሊቮልት ያህል ይሰጠናል። ጥሩ ነው፣ ይነበባል። 10,000 ፎቶን ሲመጣ ግን ከ50 ቮልት በላይ ይጠይቀናል። ቺፑ የሚሠራው በአንድ ቮልት ተኩል ገደማ ነው!

መፍትሔው ብልህ ነው። ስኒው ሊሞላ ሲል ሰርኪዩቱ ራሱ ማሰሮ ያቀርባል፣ ማሰሮውም ሊሞላ ሲል በርሜል ይጨምራል። ማለትም ተጨማሪ ካፓሲተሮችን እያስገባ የማጉያውን ኃይል በሦስት ደረጃ ይቀንሳል። ከዚያ ሁለት ነገር ይመዘግባል፦ ምን ያህል እንደሞላና በየትኛው ዕቃ እንደተለካ። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ማንም ሳያዘው፣ አንድ ሚሊዮኑ ፒክስል እያንዳንዱ ለብቻው ወስኖ፣ በ220 ናኖሰኮንድ ውስጥ ነው። በዚህ ጊዜ ብርሃን ራሱ የሚጓዘው 66 ሜትር ብቻ ነው።

ቀጥሎ ምስሉን ማውጣት አለ። አንድ ሚሊዮን ፒክስል በሰኮንድ 4.5 ሚሊዮን ጊዜ ይነበብ ብትሉ በሰኮንድ 4.5 ትሪሊዮን ልኬት ከቺፖቹ መውጣት ሊኖርበት ነው። ለዚያ የሚበቃ መውጫ የለም። ስለዚህ ምስሉ እዚያው በፒክስሉ ውስጥ፣ በ352 ጥቃቅን ካፓሲተሮች ይቀመጥና ጸጥታው ሲመጣ ቀስ ተብሎ ይነበባል። ካፓሲተር ደግሞ ያፈሳል። ቶሎ ካልተነበበ የተቀመጠው ልኬት ይሸሻል፤ ራጁ ራሱ ቺፑን እየጎዳ ማፍሰሱን ያብሰዋል። ስለዚህ ይቀዘቅዛል፣ በየጊዜው ልኬቱ ይታረማል። እንዲህም ሆኖ ከአንድ መቅረጫ በሰኮንድ 14 ጊጋባይት ገደማ ይወጣል።

«ታዲያ 352ቱን 2,700 አድርጉት» ማለት ቀላል ነው። ቦታው የታለ? ካፓሲተሩን ብታሳንሱት ጫጫታውና ማፍሰሱ ይብሳል። ፒክስሉን ብታሰፉት ምስሉ ይደበዝዛል። በዚያው ማሽን ሦስት ቡድኖች ሦስት የተለያየ ምርጫ መርጠዋል። አጂፒዲ ፒክስሉን አሳንሶ 352 ላይ ቆመ። የእንግሊዞቹ ኤልፒዲ ፒክስሉን ወደ 0.5 ሚሊሜትር አስፍቶ 512 አገኘ። ዲኤስኤስሲ የሚባለው ልኬቱን እዚያው በፒክስሉ ውስጥ ወደ ዲጂታል ቀይሮ 800 ደረሰ። ሦስቱም የሚደነቁ ናቸው። አንዳቸውም 2,700 አልደረሱም። እንግዲህ 27,000 እያሉ ማስታወቂያ መሥራት የማንን ፍጥነት መናገር ነው?

«ከገበያ ይገዛል»

ሁለተኛው የምንጣላው ሐሳብ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ሕንፃው ይሠራ፣ መብራቱ ይብራ፣ ካሜራው ከካታሎግ ይመረጣል። ከፈረሱ ጋሪው ቀደመ ይሏል ይህንን ነው።

ካታሎግ የለም አላልንም። ፖል ሼረር ተቋም ውስጥ ለሰርኑ ሲኤምኤስ ሙከራ ከተሠራው የፒክስል ቴክኖሎጂ ፒላተስ የሚባል መቅረጫ ተወለደ፤ በ2006 ደግሞ ዴክትሪስ የተባለ ኩባንያ ተቋቁሞ ለገበያ አቀረበው። በዓለም ዙሪያ ባሉ ቀለበት ቅርጽ የራጅ ማመንጫዎች ትልቅ ለውጥ አምጥቷል። የሚሠራው ግን ፎቶኖችን አንድ በአንድ እየቆጠረ ነው። ፎቶኖቹ ተራ በተራ ሲመጡ ድንቅ ቆጣሪ ነው። ኤክስፌል ፊት ብታስቀምጡት ግን 10,000 ፎቶን በአንድ ጊዜ ሲወርድበት የሚቆጥረው «አንድ» ብሎ ነው። በር ላይ ቆሞ ገቢውን በጣቱ የሚቆጥር ዘበኛ፣ ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ባንዴ ሲገባበት ምን ሊያደርግ ይችላል?

ዓይን የሚሠራው ለብርሃኑ ተለክቶ ነው። ተለክቶ የሚሠራ ነገር ደግሞ ዓመታት ይፈልጋል። ቺፕ እንደ ሞባይል አፕሊኬሽን ማታ ተሳስቶ ጠዋት አይታረምም። ንድፉ ወደ ፋብሪካ ይላካል፣ ወራት ይጠበቃል፣ ይለካል፣ ስህተት ከተገኘበት እንደገና ይሳላል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። ይህን የሚያደርጉት ሰዎች ስም በዜናው ላይ የለም። ፎቶው ሲያምር ባለፎቶው ይወደሳል። ካሜራው ያለ እነሱ አንድ ፎቶ አያነሳም።

«ኮምፒውተሩ ይጥለዋል»

ሦስተኛው ሐሳብ የዘመኑ ነው። በአሜሪካው ስላክ ቤተ ሙከራ ያለው ኤልሲኤልኤስ በ2009 ሲጀምር በሰኮንድ እስከ 120 ብልጭታ ነበር የሚሰጠው። በ2023 የመጀመሪያ ብርሃኑን ያየው ተተኪው ኤልሲኤልኤስ-2 በሰኮንድ እስከ አንድ ሚሊዮን እንዲሰጥ ተነድፏል። አንድ ሚሊዮን ፒክስል፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ባይት፣ በሰኮንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ብትሉ 2 ቴራባይት በየሰኮንዱ ማለት ነው። ሁሉን ማስቀመጥ አይታሰብም። መልሱ፦ «የማይጠቅመውን እዚያው እንጣለው፤ ሰው ሠራሽ አእምሮ ይለያል»።

መጣሉን አንቃወምም። ባዶ ምስል ማከማቸት ጅልነት ነው። ግን «የማይጠቅመው» የትኛው ነው? ናሙናው ያልተመታበት ምስል? ደብዛዛው? ማንም ያልጠበቀው? የሳይንስ ትልልቅ ግኝቶች ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ጎራ ነው የሚመጡት። ቺፑ የጣለውን ማንም መልሶ አያገኘውም። በሲልከን ላይ የተቀረጸ የመጣያ ሕግ ከዚያ ወዲያ ለሚደረግ ጥናት ሁሉ ሕግ ነው። እንግዲህ ይህን የሚነድፈው ሰው የሚወስነው የሳይንስ ውሳኔ ነው፣ የቧንቧ ሥራ አይደለም። ጥናቱ ሲታቀድ ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ወንበር ይገባዋል።

እኛስ ምን አገባን?

ያገባናል። በ2000 በአፋር ዲኪካ የነዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን ያገኛት ሕፃኗ ሰላም፣ የ3.3 ሚሊዮን ዓመቷ፣ የራስ ቅሏ ውስጡ የታየው ፈረንሳይ ግሬኖብል በሚገኘው የአውሮፓ ሲንክሮትሮን ነው። በ2020 በወጣው ጥናት የጥርሷን የእድገት መስመሮች ቆጥረው ስትሞት 2.4 ዓመት ገደማ እንደነበረች ነገሩን። ባሕር ተሻግራ መሄዷ ግድ ነበር። ሰው በቋሚነት ከሚኖርባቸው አህጉራት ሲንክሮትሮን የሌላት አፍሪካ ብቻ ነች። «የአፍሪካ የብርሃን ምንጭ» የሚባለው ንቅናቄ የመጀመሪያ ጉባኤውን ያካሄደው በ2015 በዚያው በግሬኖብል ነው።

ንቅናቄውን እንደግፋለን። የምንፈራው ግን ወሬው ሁሉ «የት ይተከል? በስንት ቢሊዮን?» ሆኖ እንዳይቀር ነው። መብራት እኮ በስጦታም ይገኛል። በ2017 ዮርዳኖስ ላይ የተመረቀው ሰሳሚ ኤሌክትሮን ማስገቢያውን ያገኘው በርሊን ውስጥ ከተዘጋው ቤሲ-1 በልግስና ነው። የቺፕ ነዳፊ እውቀት ግን በኮንቴይነር አይጫንም።

«ዳቦ ሳይጠገብ ራጅ!» የሚለንም አለ። ለዋሻው ቢሊዮን ያስፈልግ ይሆናል። ፒክስል መንደፍ ለመጀመር ግን የሚያስፈልገው ኮምፒውተር፣ አስተማሪና ትዕግሥት ነው። ጎግልና ስካይወተር በ2020 የ130 ናኖሜትር ቺፕ መንደፊያ መረጃን በነጻ ለሁሉም ከፍተዋል። የአጂፒዲም ቺፕ፣ ፋብሪካው ቢለይም፣ የ130 ናኖሜትር ትውልድ ነው። ማስመሪያውም ማስመሰያውም ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል። ማምረቱ ገንዘብ ይፈልጋል፣ አዎ። መማሩ ግን እስከዚያ አይጠብቅም። እውቀቱም ሲንክሮትሮን ባይመጣ እንኳ ሜዳ ላይ አይቀርም። ሰርን ውስጥ የተወለደው የሜዲፒክስ ቺፕ ዛሬ ፎቶን እየቆጠረ ባለቀለም የሰውነት ምስል የሚያነሳ የሕክምና መሣሪያ ልብ ሆኗል።

ስለዚህ ጥያቄያችን አጭር ነው። የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ትምህርት ክፍሎቻችን ተማሪው ትራንዚስተርን ለፈተና ሸምድዶ ከሚወጣ ይልቅ አንዲት ፒክስል ነድፎ፣ ጫጫታዋን አስልቶ እንዲመረቅ ያድርጉ። ስለ አፍሪካ ብርሃን የሚሰበሰቡትም በአጀንዳቸው ላይ ከሕንፃው በላይ ዓይኑን ይጻፉ። ነገ ቦታው ተመርጦ፣ ገንዘቡ ተገኝቶ፣ ሪባኑ ሲቆረጥ «በሰኮንድ ይህን ያህል ብልጭታ!» መባሉ አይቀርም። እኛ የምንጠይቀው ያንኑ ነው፦ ስንቱ ታየ? ያየውንስ ዓይን ማን ነደፈው?