የአዙማ ጥፊ ፍትሕ አይደለም

«ሕግ ሲዘገይ ጥፊ ይፈጥናል» የሚል አመለካከት በተማረው ሰው ዘንድ ሳይቀር ሥር መስደዱ ያሳስበኛል። የዚህ ሐሳብ ደጋፊ የሆኑ አንዳንድ ወዳጆቼ ለምስክርነት የሚጠሩት፣ ታኬሺ ኪታኖ እ.ኤ.አ. በ1989 ያዘጋጀውንና በመሪ ተዋናይነት የተጫወተበትን የጃፓን የወንጀል ፊልም፣ «ጨካኙ ፖሊስ» ልንለው የምንችለውን ሥራ ነው። ምስክሩ ግን የሚመሰክረው በእነርሱው ላይ ነው።

ፊልሙ ሲጀምር ወጣቶች አንድ መጠለያ የሌለው ሰው ይደበድባሉ። መርማሪው አዙማ ከአጥቂዎቹ አንዱን እስከ ቤቱ ተከትሎ፣ መኝታ ክፍሉ ድረስ ዘልቆ ይደበድበውና በማግሥቱ ለፖሊስ እጁን እንዲሰጥ ያዘዋል። የተመልካች አንጀት ይርሳል። ለምን ቢሉ፣ ልጁ ጥፋተኛ መሆኑን አስቀድመን በዓይናችን አይተናልና! ለመሆኑ በእውነተኛው የምርመራ ክፍል ውስጥ ይህን ያየ ማን ነው?

መልሱን ከዚያው ከጃፓን እንፈልግ። በ1947 ሥራ ላይ የዋለው የአገሪቱ ሕገ መንግሥት፣ በአንቀጽ 38፣ በግዳጅ የተገኘ የእምነት ቃል ማስረጃ እንዳይሆን ይከለክላል። ይሁንና ኢዋኦ ሐካማዳ የተባለው የቀድሞ ቦክሰኛ በ1966 አራት የአንድ ቤተሰብ አባላትን ገድለሃል ተብሎ ተያዘ፤ ከሳምንታት የተራዘመ ምርመራ በኋላም «አዎን» አለ። በችሎት ቃሉን ቢክድም በ1968 ሞት ተፈረደበት። ከእስር የወጣው በ2014፣ ነጻ የተባለው ደግሞ በመስከረም 2024 ነው። ሲያዝ 30 ዓመቱ ነበር፤ ነጻ ሲባል 88። ፍርድ ቤቱ ያ የእምነት ቃል አካላዊና አእምሯዊ ስቃይ በሚያደርስ ምርመራ የተገኘ መሆኑን፣ በማስረጃነት የቀረቡት ልብሶችም በመርማሪዎች የተፈበረኩ መሆናቸውን አረጋገጠ። እነዚያም መርማሪዎች ትክክለኛውን ሰው እንደያዙ ያምኑ ይሆናል፤ እምነታቸው ግን ንጹሑን ሰው ከሞት ፍርድ አላዳነውም።

«ታዲያ ወንጀለኛው እየሳቀ ይሂድ?» የሚል ይኖራል። አይሂድ፤ በማስረጃ ይያዝ፣ በችሎት ይፈረድበት። የአዙማ መንገድ ወንጀልን ይገታል የሚለውን ግን ፊልሙ ራሱ ያፈርሰዋል። የአዙማ ባልደረባ ኢዋኪ የዕፅ ነጋዴዎች ተባባሪ ሆኖ ይገኛል። አዙማ ጠላቱን ይገድላል፤ የታመመች እኅቱንም በገዛ እጁ ይገድላል፤ በመጨረሻ እርሱም ይገደላል። ንግዱ ቆመን? አልቆመም! አዲሱ ፖሊስ ኪኩቺ በኢዋኪ ቦታ ተተክቶ ከአዲሱ አለቃ ገንዘብ ይቀበላል። ከአዙማ አጠገብ ሆኖ ሲሠራ የቆየው ይኸው ወጣት ነው፤ ሕግ ለፖሊስ እንደማይሠራ ዕለት ዕለት ሲያይ የኖረ ሰው ሌላ ምን ይማራል?

«በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች» ይላል አገሬው። ለአዙማ የሚያጨበጭብ ሁሉ ፊልሙን እስከ መጨረሻው ይመልከት፤ ከዚያም የሐካማዳን 58 ዓመታት ይቁጠር። የፖሊስን እጅ በሕግ ማሰር ለወንጀለኛ መራራት አይደለም፤ ነገ በስሕተት ለምንያዘው ለእኛ ለራሳችን ዋስትና ማቆም ነው።