«የወር አበባሽ መቼ ነበር?» ተብለን እንጠየቅ

እህቶች፣ የወር አበባችን የሚመጣበትን ቀን ብዙዎቻችን በልባችን እንይዛለን። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት የሚሆነውን ግን የሚመዘግብ የለም። ሆዷን ባር ባር የሚላት፣ በትንሽ በትልቁ እንባዋ የሚቀድማት፣ ልጆቿ ላይ ጮኻ ወዲያው የምትጸጸት ሴት «ጠባይሽ ተበላሸ» ትባላለች። ከሥራ መልስ ድራፍት ስትደጋግም ደግሞ ሐሜቱ ይከተላታል። ቀኑን የሚጠይቃት አንድም ሰው የለም። ይህ ዝምታ ይብቃ!

በሰውነታችን የሚካሄደው የታወቀ ነው። እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ይጨምራል፤ ከእሱም አሎፕሬግናኖሎን የተባለ ንጥረ ነገር ይሠራል። ይህ ንጥረ ነገር አንጎልን የሚያረጋጋውን የጋባ ሥርዓት ያግዛል። የወር አበባ ሊመጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ፕሮጄስትሮንም ኢስትሮጅንም ያሽቆለቁላሉ፤ አሎፕሬግናኖሎንም አብሮ ይወርዳል። አልኮል የሚነካው ያንኑ የጋባ ሥርዓት ነው። ምርኩዙን የተነጠቀ ሰው ያገኘውን እንደሚይዝ ሁሉ፣ አንዳንዶቻችን በእነዚያ ቀናት ብርጭቆ እንይዛለን። መጠጡ ግን ማታ የሰጠውን እፎይታ ሌሊት ይቀማል፤ እንቅልፍ ይቆራርጣል፣ በነጋታው ድብርቱን ያባብሳል። በሴት ሰውነት ያለው ውኃ ከወንድ ስለሚያንስም ያው አንድ ብርጭቆ በእኛ ደም ውስጥ ይበረታል።

«ሁሉም ሴት ያየችው ነው፣ አንቺን ምን ለየሽ?» ለሚል መልስ አለን። በ1998 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ፒተር ሽሚትና ባልደረቦቹ ከወር አበባ በፊት ስሜታቸው ክፉኛ የሚታወክ ሴቶችን ሆርሞን በመድኃኒት ገቱ። በዚህ የተሻላቸው ሴቶች ሆርሞኑ ሲመለስላቸው ሕመሙም ተመለሰባቸው። ሕመሙን የማያውቁት ሴቶች ግን ያንኑ ሆርሞን ወስደው ስሜታቸው አልተናወጠም። ልዩነቱ አንጎል ለተለመደው የሆርሞን መጠን በሚሰጠው ምላሽ ላይ ነው። የጠባይ ጉድለት አይደለም፣ አልነበረምም!

የዚህ ሕመም ብርቱ ዓይነት ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ራሱን ችሎ ሰፍሯል። መድኃኒትም አለው፤ አንዳንዷ ሴት የድብርት መድኃኒቱን የምትወስደው ከእንቁላል መውጣት በኋላ ባሉት ቀናት ብቻ ነው። ምርመራው ግን ቢያንስ የሁለት ዑደት የዕለት ተዕለት መዝገብ ይፈልጋል። መዝገቡን ደግሞ እኛው መያዝ እንችላለን።

እንግዲህ እንነሣ! የዕቁብ ጓደኞች፣ በአንድ መሥመር የምትሠሩ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ በአንድ ዶርም የምታድሩ ተማሪዎች፣ ተጠራርተን በአንድ ቀን እንጀምር። ማታ ማታ አራት ነገር እንጻፍ፦ ቀኑን፣ ስሜታችንን ከዜሮ እስከ አሥር፣ እንቅልፋችንን፣ የጠጣነውን። ጠላውም ጠጁም አረቄውም ይቆጠር። ደብተሩ የየራሳችን ምሥጢር ይሁን፤ ሌላዋ አታንብበው፣ «ጻፍሽ ወይ?» ብላ ማስታወስ ግን ግዴታዋ ነው። በየቀኑ አብዝታ የምትጠጣ እህት ካለች በድንገት አቁሚ አንበላት፤ መንቀጥቀጥና እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊያስከትል ይችላልና መጀመሪያ ጤና ጣቢያ እናድርሳት። ራሷን ስለማጥፋት የምታወራ ካለች ደብተሩ ይቆይ፣ ያን ሰዓት ጤና ጣቢያ ይዘናት እንሂድ።

ሁለት ወር ሲሞላ ደብተራችንን ይዘን አብረን ጤና ጣቢያ እንግባ። «የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር?» የሚለውን ጥያቄ እርግዝና ሲጠረጠር ሁላችንም እንሰማዋለን። ድብርት ይዞኛል፣ መጠጥ አብዝቻለሁ ስንልም ይጠየቅልን፤ መልሱም ካርዳችን ላይ ይጻፍ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ እናንተም አብዛኞቻችሁ ሴቶች ናችሁና ቤት ለቤት ስትዞሩ ጠይቁን። ጤና ጣቢያው «እሱ እዚህ አይጠየቅም» ብሎ ከመለሰን፣ በሳምንቱ በእጥፍ ሆነን እንመለስ።