«የጋራ» የምትለዋ ቃል

በምኖርበት ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ የተቆለፈ በር አለ። ከተቆለፈ አራት ክረምት አልፎታል። ቤቱ ተገዝቷል፣ ቀለሙ ታድሷል፣ መስኮቱ ላይ አዲስ የብረት ፍርግርግ ገብቶለታል። ሰው ግን አልገባበትም። ባለቤቱ ውጭ አገር እንደሚኖር ሰምተናል። የደረጃው አምፖል ሲቃጠል፣ ውሃ የሚገፋው ፓምፕ ሲቆም፣ ዘበኛው የወር ደመወዙን ሲጠብቅ ከዚያ በር መዋጮ አይመጣም። ጎረቤቴ ነው፤ ስሙን ግን አላውቀውም። ክፉ ሰው ነው ለማለትም ደግ ሰው ነው ለማለትም አልችልም።

ይህን በር ባለፈው ጥር ደጋግሜ ለማሰብ ተገደድሁ። የአክስቴ ልጅ ለጥምቀት ከአሜሪካ መጣች። ነርስ ናት፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የሌሊት ተረኛ ሆና ያጠራቀመችው ገንዘብ አላት። ቡና ቀርቦ ገና አቦሉ ሳይቀዳ፣ «ጋሼ፣ ኮንዶሚኒየም ልገዛ ነው። የትኛው ሠፈር ይሻለኛል? እርስዎ ይንገሩኝ» አለችኝ።

ደላሎች ቦሌን፣ ሲኤምሲንና አያትን አስጎብኝተዋት ነበር። ከውጭ የመጣ ሰው ሁሉ ወደ ምሥራቅ ነው የሚወሰደው። ዋጋው ከአቅሟ በላይ ሲሆንባት ፊቷን ወደ ምዕራብ፣ ወደ እኛ ወደ ኮልፌ ቀራንዮ መለሰች።

ከሠፈሩ በፊት ግን የሕጉ ነገር አለ፤ ዘመዴ በፓስፖርቷ የውጭ ዜጋ ናት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 390 የውጭ አገር ሰው በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ይከለክል ነበር፤ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ካልተፈቀደለት በስተቀር። ለእሷ በሩን የከፈተላት የትውልደ ኢትዮጵያውያን አዋጅ ቁጥር 270/1994 ነው። ቦርሳዋ ውስጥ የምትይዛት ቢጫ ካርድ የዚህ አዋጅ ፍሬ ናት። ይህችን ካርድ የያዘ ሰው ከቤት ባለቤትነት አንጻር እንደ ባዕድ አይታይም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሌላ አዋጅ አጽድቆ፣ የትውልድ ሐረግ የሌላቸው የውጭ ዜጎችም ቢያንስ 150 ሺህ የአሜሪካ ዶላር አምጥተው ቤት እንዲገዙ ፈቅዷል። መሬቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ይቆያል፤ የሚሸጠው ቤቱ ነው። እንግዲህ «የትኛው ሠፈር ይሻለኛል?» የሚለው ጥያቄ የእኔ ዘመድ ብቻ ጥያቄ አይደለም። ነገ ቋንቋችንን የማያውቅ ሰውም ይጠይቀናል። ምን ብለን እንደምንመልስለት ከአሁኑ ማሰብ አለብን።

በማግስቱ ጠዋት ይዣት ወጣሁ። ከጦር ኃይሎች ጀመርን። ከአያት የሚነሳው ቀላል ባቡር የሚያበቃው እዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሕዝብ የታክሲና የአውቶቡስ ሰልፈኛ ነው። «ቤቱን ከማየትሽ በፊት ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል ይህን ሰልፍ እዪ» አልኋት። ደላላ ቤት የሚያሳየው ፀሐይ ከሞቀች፣ መንገዱም ጭር ካለ በኋላ ነው። የሠፈሩ ሰው ግን በጭጋግ ወጥቶ በጨለማ የሚገባ ነው።

ወደ ኮልፌ አጣና ተራ ወጣን። የኮልፌን ስም ዓለም የሚያውቀው በአንድ እንግዳ ምክንያት ነው። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ነበር፤ ከኮሎኔል ታደሰ ብሩ ትምህርት አግኝተዋል። ስድስት ወር ሊቆዩ የመጡት ሰው በሁለት ወር ገደማ ወደ አገራቸው ተጠርተው ተመለሱ። ኮልፌ እንግዳ መቀበል ዛሬ አልጀመረም። ሸማኔው ከደቡብ ተራሮች፣ ነጋዴው ከጉራጌና ከስልጤ መጥቶ ጎን ለጎን ጎጆ የቀለሰበት አገር ነው። ሆኖም ኮልፌ የተቀበላቸው እነዚያ ሁሉ መጥተው ኖረውበታል፣ ሠርተውበታል፣ ሲያልፉም ሬሳቸው በሠፈርተኛ ትከሻ ወጥቷል። እንግዳን የሠፈር ሰው ያደረገው ይህ አብሮ መኖር ነው።

ወደ ደቡብ በቀለበት መንገዱ ስንወርድ ዘነበወርቅ ደረስን። አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. በዚህ ሠፈር ሲቋቋም የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለማከምና ባለሙያዎችን ለማሠልጠን ነበር። ሕሙማኑ ከከተማው ተገፍተው ነው እዚህ የተሰባሰቡት፤ ያን ጊዜ ማንም አጠገባቸው ቤት መሥራት አልፈለገም። ዛሬ በዚያው ዙሪያ ፎቅ ይሠራል፣ የመሬቱ ዋጋም በሚሊዮን ይጠራል። ዘመዴ ይህን ስትሰማ ዝም አለች። ቤት የሚገዛ ሰው ከእሱ በፊት በዚያ መሬት ላይ ማን ምን እንደከፈለ ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ትንሽ ዝቅ ብሎ ረጲ ነው፤ ሁላችንም «ቆሼ» የምንለው። የከተማው ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ እዚያ ተከምሯል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀበረ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ በቦታው ተመረቀ። ጎብኚ ጭሱን ከሩቅ አይቶ ያልፋል። የአካባቢው ነዋሪ ግን ነፋሱ በየት በኩል እንደሚነፍስ ያውቃል። «ቤቱ ከቆሼ በየትኛው አቅጣጫ ነው? ዝናብ ሲዘንብ ሽታው ይደርሳል?» ብሎ መጠየቅ ሠፈርን መናቅ አይደለም። ያን ቀን ያለቁት ወገኖቻችን ያስተማሩን ጥያቄ ነው።

ከዚያ አየር ጤና፣ ዓለም ባንክ፣ ቤቴል። ዓለም ባንክ ስሙን ያገኘው ባንኩ ካገዘው የመኖሪያ ቤት ፕሮጀክት እንደሆነ ነባሮቹ ይናገራሉ። ከፍ ካለው ቦታ ሆነው ወደ ምዕራብ ሲያዩ ወጨጫ ተራራ ከነግርማው ይታያል። ዘመዴ እዚያ ቆማ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ነው የምፈልገው» አለች። «ተራራውን ሳይሆን ታንከሩን እዪ» አልኋት።

የኮንዶሚኒየምን ኑሮ የማያውቅ ሰው ታንከር ሲባል ላይገባው ይችላል። በ20/80 የቤት ፕሮግራም የተሠሩት አብዛኞቹ ሕንጻዎቻችን ምድሩን ጨምሮ አምስት ወለል ናቸው፤ አሳንሰር የላቸውም። ውሃ በፈረቃ ይመጣል። በመጣ ቀን ግፊቱ ላይኛው ፎቅ ካልደረሰ የአራተኛ ፎቅ እናት ጀሪካን ተሸክማ ያን ሁሉ ደረጃ ትወጣለች። የጋራ ታንከርና የጋራ ፓምፕ ያለው ብሎክ ይተነፍሳል፤ የሌለው ወይም ኖሮት የተበላሸበት ይጨነቃል። በአንድ ሳይት፣ በአንድ ዓመት ተሠርተው፣ ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ብሎክ ደረጃው የሚያበራ፣ ሌላው የሽንት ቤት ፍሳሹ በግድግዳው የሚወርድ ሆኖ አይቻለሁ። ልዩነቱን ያመጣው ሲሚንቶው አይደለም። አንደኛው የነዋሪዎች ማኅበር አለው፤ ይሰበሰባል፣ ያዋጣል፣ ይጠግናል። የሌላው ማኅበር በወረቀት ብቻ ነው ያለው፤ ከባለቤቶቹ ግማሹ የት እንዳሉ አይታወቅም።

በአማርኛ ሕጋችን ይህ ቤት «ኮንዶሚኒየም» አይባልም። አዋጅ ቁጥር 370/1995 «የጋራ ሕንጻ» ይለዋል። ቁልፉ ያለው እዚህች ቃል ላይ ነው። አንድ ሰው መኝታ ቤትና ሳሎን ሲገዛ ከደረጃው፣ ከጣሪያው፣ ከግቢው፣ ከፍሳሽ መስመሩም ድርሻ አብሮ ይገዛል፤ የማኅበሩ አባልም ይሆናል፤ ወጪውንም ይጋራል። የበሩን ቁልፍ ተቀብሎ የጋራውን የተወ ሰው ከገዛው ነገር ግማሹን ጥሎ ነው የሄደው። የጣለውንም ሌላው ጎረቤቱ ይሸከማል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንን እየወቀስሁ አይደለም። እዚያው የእኛ ሕንጻ አንደኛ ፎቅ ላይ ባለቤቷ በአረብ አገር የምትኖር ቤት አለች። የእኅቷ ልጆች ይኖሩባታል። የዓመቱን መዋጮ በመስከረም ቀድማ ታስገባለች፤ ፓምፑ የተቃጠለ ጊዜ ከሁላችንም በፊት ገንዘብ የላከችው እሷ ነበረች። በአካል አይቻት አላውቅም፤ ዕድራችን ላይ ግን ስሟ አለ፣ እናቷ ሲያርፉ ድንኳን ተክለን ሦስት ቀን ተቀምጠናል። ሩቅ መኖር ጎረቤት ከመሆን አይከለክልም። የእኛ ሠፈር ሙስሊም አባቶች «አልጃር ቀብለ ዳር» ይላሉ፤ ከቤቱ በፊት ጎረቤቱን ማለት ነው። ለገዢ የሚነገር ምክር ይመስላል። ገዢው ራሱም ግን ለሌሎቹ ጎረቤት እንደሚሆን ይነግረዋል።

የተቆለፈ ቤት ሌላም ሕመም አለው። በ2005 ዓ.ም. የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ስማቸውን አስገብተው፣ ከደመወዛቸው እየቆጠቡ እስከ ዛሬ ዕጣ የሚጠብቁ አሉ። ከኪራይ ወደ ኪራይ ፍራሽ የሚያጓጉዙ አዲስ ተጋቢዎች በዚያ ተቆልፎ በሚኖር በር ፊት በየቀኑ ያልፋሉ። «ትርፍ ቤት ይወረስ» የሚል ሐሳብ የለኝም። ትርፍ ቤት የተወረሰበትን የአዋጅ ቁጥር 47/1967 ዘመን ያየ ሰው የዚያን መመለስ አይመኝም። ነገር ግን ሰው የሚኖርበት ቤት ከባዶው ይልቅ ሕንጻውን ይጠብቃል፤ ዘመድም ይሁን ተከራይ ያስገቡበት።

ለዘመዴ የሰጠኋት ምክር ይህ ነበር፤ ለሌላውም ይጠቅም እንደሆነ እጽፈዋለሁ። አትቸኩዪ፤ አንድ ክረምት ተከራይተሽ ኑሪ። ኮልፌ ኮረብታና ሸለቆ ነው፤ የትኛው ወንዝ እንደሚሞላ፣ የትኛው መንገድ ጭቃ እንደሚሆን በጥር አይታይም፤ በነሐሴ ግን አይደበቅም። ደላላውን ሳይሆን ጀሪካን የያዘችውን ሴት ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ጠይቂያት። የማኅበሩን ሊቀመንበር የመዋጮ ደብተሩን እንዲያሳይሽ ለምኚው። ካርታውን በዓይንሽ እዪ፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከመሥሪያ ቤቱ አጣሪ። አካባቢው ለመንገድ ወይም ለመልሶ ማልማት መታቀዱን ከክፍለ ከተማው ጠይቂ። የሽያጭ ገደቡ ያላለቀ የዕጣ ቤት «በውክልና ይሸጥልሻል» የሚልሽ ሰው ካለ ተመለሺ። ዕጣ የደረሰው ሰው እስከ 5 ዓመት እንዳይሸጥ የተከለከለው በምክንያት ነው። ውክልና ይሻራል፣ ወካይም ይሞታል፤ ያን ጊዜ የሃያ ዓመት የሌሊት ሥራሽ ባለቤት ያጣል።

ከተማችንንም የምጠይቀው አለኝ፤ ቀላል ነገር ነው። የጋራ ሕንጻ ቤት ስም ሲዛወር ሻጩ የማኅበር መዋጮውን ማጠናቀቁን የሚገልጽ ወረቀት ከማኅበሩ ያምጣ። ገዢው ውጭ አገር የሚኖር ከሆነ እዚህ የሚገኝ ተጠሪና ስልክ አስመዝግቦ ካርታውን ይውሰድ። አዲሱ ሕግ ለውጭ ዜጋ በሩን ሲከፍት የዶላሩን መጠን ወስኗል። የጎረቤትነቱን ግዴታም አብረን ብንነግረው እንግዳውም ይከበራል፣ እኛም አንጎዳም። ማኅበር ለሌላቸው ብሎኮች ደግሞ ወረዳው ማኅበር ከማቋቋም አልፎ ሒሳብ አያያዝ ቢያስተምር ብዙ ፓምፕ ይተርፋል።

ዘመዴ ሐምሌና ነሐሴን ፈቃድ ወስዳ ተመለሰች። ቤቴል አካባቢ አንዲት ስቱዲዮ ተከራይታ ክረምቱን አሳለፈች። ከሁሉ በላይ የወደደችው ያ ወጨጫን የምታይበት ብሎክ በመጀመሪያው ሳምንት ውሃ አጣ፤ ስብሰባ ተጠርቶም ሦስት ሰው ብቻ ተገኘ። በመጨረሻ የመረጠችው ተራራ የማይታይበት ሁለተኛ ፎቅ ነው። ምክንያቷን ስጠይቃት፣ «ሊቀመንበሯ ደብተሩን ስታሳየኝ የሁሉም ስም ነበረበት ጋሼ፤ ያልከፈሉትም ጭምር» አለችኝ። ወደ ውልና ማስረጃ ከመሄዳቸው በፊት ሻጩ የስምንት ወር ውዝፉን እንዲከፍል አደረገች። ስትሄድ አንዱን ቁልፍ ለሊቀመንበሯ ሰጠች፤ ቤቱን ደግሞ ሁለት ልጆች ላሏት መምህርት አከራየች።

እኔም ባለፈው ቅዳሜ የማኅበራችንን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፌ፣ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ፣ በዚያ በተቆለፈ በር ሥር አሾለክሁት። የዚያ ቤት ባለቤት ሆይ፣ ይህን ጽሑፍ ካነበቡት ስለ ውዝፉ አይጨነቁ፤ እሱን ተነጋግረን እንጨርሰዋለን። አስቀድመው ግን ይደውሉልንና ስምዎን ይንገሩን። ዕድራችን ላይ የሚጻፍበት ቦታ አለ።