ልጆቻችሁን እንግዳ አድርጋችሁ አትላኩብን

ኮፍያና ቲሸርት አመሳስሎ፣ አውቶቡስ ሞልቶ፣ አሥር ምናምን ቀን አገር ማዞር ልጅን ከአገሩ ጋር አያስተዋውቅም። ይህን አፍ አውጥቶ ለመናገር እስከ መቼ እንፈራለን? ከዋሽንግተን፣ ከቶሮንቶና ከስቶክሆልም የመጡ ወጣቶች ቦሌ ላይ አበባ ሲሰጣቸው በቴሌቪዥን እናያለን፤ እናጨበጭባለን። ማታ ቤታችን ቁጭ ስንል ደግሞ «ለመሆኑ እነዚህ ልጆች ምን አይተው ሄዱ?» እንባባላለን። በሹክሹክታ። ጮክ ብሎ የጠየቀ ምቀኛ ነዋ! ዳያስፖራ ጠል ነዋ! እንግዲህ የፈለጋችሁትን በሉኝ።

የሐይቅ ልጅ ነኝ። እነዚህ አውቶቡሶች ከደሴ ተነሥተው ወደ ወልድያና ላሊበላ ሲሄዱ የሚያልፉት በእኛ አስፋልት ላይ ነው። ይቆማሉ። ሐይቁ ዳር ዓሣ ይበላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ አስጎብኚው ሰዓቱን ያያል፣ «ፕሮግራም ጠቧል» ይላል፣ በሩ ይዘጋል። በቃ፣ ሐይቅ ታየ ተባለ! ሐይቅ ማለት ውሃው ብቻ ነው እንዴ?

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ መጥተው ሐይቅ እስጢፋኖስን የትምህርት ማዕከል ሲያደርጉ፣ እዚህ የሚመጣ ሰው ሊቀመጥ ነበር የሚመጣው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት መጥተው ለዓመታት ተምረዋል። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫን ያህል ሊቅ ከዚሁ ገዳም ወጥቷል። በኢየሱስ ሞዓ ዘመን የተጻፈው አራቱ ወንጌል ስሙ ዓለም ያወቀው ነው። ታዲያ የዚህን ቦታ ቅርስ «አወረስን» የምንለው ዓሣው እስኪጠበስ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው? እነዚያ ደቀ መዛሙርት በእግራቸው ስንት ወር ተጉዘው፣ ቆሎ እየቆረጠሙ ያገኙትን፣ የኛ ልጅ በአውቶቡስ መስኮት ያገኘዋል?

ደግሞ ገዳሙ ሴት አያስገባም። ሥርዓቱ የገዳሙ ነው፣ ይከበር። ነገር ግን ከአውቶቡሱ የወረዱት ልጆች ግማሾቹ ሴቶች ናቸው! ወንዶቹ ገብተው እስኪወጡ እነሱ ጥላ ሥር ቆመው ስልካቸውን ይነካካሉ። አንዲት የሐይቅ እናት አጠገባቸው ተቀምጣ ስለ አገሩ ታጫውታቸው ዘንድ ያሰበ አዘጋጅ አላየሁም። ከሰው ጋር ሊገናኙ የሚችሉበት ብቸኛው ሰዓት መጠበቂያ ሆኖ ያልቃል።

ሙስሊሙስ? ወረዳችን ተሁለደሬ አብዛኛው ሕዝቡ ሙስሊም ነው። ወሎ ውስጥ አባቱ መሐመድ፣ ልጁ ኃይሉ ቢባል ማንም ቀና ብሎ አያይም። ጀማ ንጉሥን፣ ጌታን የሚያህሉ የእስልምና የትምህርትና የመንፈስ ማዕከሎች ያሉበት አገር ነው። የጉብኝቱን ወረቀት አንሡና አንብቡት። ላሊበላ አለ፣ አክሱም አለ፣ ጎንደር አለ። ጀማ ንጉሥ የታል? ቡና ተፈልቶ ዱዓ የሚደረግበት የወሎ ቤት የታል? «ብዝኃነታችንን እናሳያለን» እያሉ መፈክር የሚያስጮሁት እነማን ናቸው ታዲያ? ግማሹን ሕዝብ አስቀርቶ ብዝኃነት!

ትንሽ ወደ ሰሜን ሂዱ። አምባሰል። እዚያ ማዶ ቨርጂኒያ ውስጥ በሠርግ አዳራሽ ማሪቱ ለገሠ ስትከፈት እስክስታ የሚመታ ልጅ፣ ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ የተሰየመበትን ተራራ በመኪና መስኮት አይቶት ያልፋል፤ «ይኸውልህ፣ ስሙ ከዚህ ነው» የሚለው የለም። ግሸንም በዚያው ነው። መስቀል የመሰለ አምባ፣ ግማደ መስቀሉ ያረፈበት፣ መስከረም 21 ቀን ሕዝበ ክርስቲያን ከየአቅጣጫው የሚተምበት። ይህን ይነግሯቸዋል። ያንኑ አምባ የነገሥታቱ ወንዶች ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ ተዘግቶባቸው የሚኖሩበት እስር ቤት እንደነበረ ግን ማን ይንገራቸው? ለምን ይደበቃል? የሃያ ዓመት ሰው ናቸው እኮ! ወንድም ወንድሙን ፈርቶ ተራራ ላይ ያሰረበትን ታሪክ ያላወቀ ልጅ፣ ዛሬ ስለምንባላበት ነገር ምን ሊገባው ነው? ውጫሌም ላይ እንዲሁ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር የተፈረመውና ጠቡ ዓድዋ ድረስ የዘለቀው ውል በስሟ የሚጠራ ከተማ ናት፤ አውቶቡሱ ፍጥነቱን እንኳ አይቀንስላትም።

የእህቴ ልጅ ከእንዲህ ያለው ቡድን ጋር መጥቶ ነበር፤ ከሰሜኑ ጦርነት በፊት፣ በ2011። እናቴ ድፎ ዳቦ ጋግራ፣ ነጠላዋን አጥፍታ፣ አስፋልቱ ዳር ከጠዋት ጀምራ ቆመች። አውቶቡሱ ደረሰ። ልጁ ወርዶ ሳማት። «ዛሬን እዚህ ልደር፣ ነገ ላሊበላ እደርስባችኋለሁ» ብሎ አስተባባሪውን ለመነ። «አይቻልም፤ ቡድን አይነጣጠልም፤ ኃላፊነት አለብን።» የልጁ አያት ቤት ከቆሙበት ይታያል! እናቴ ወደኔ ዞራ «ልጄ ታስሯል እንዴ?» አለችኝ። ምን ልመልስላት? ዳቦውን በፌስታል ጠቅልላ በመስኮት ሰጠችው። ሥሩን ፍለጋ ውቅያኖስ የተሻገረን ልጅ፣ ሥሩ አስፋልት ዳር ቆማ በመስኮት ዳቦ አቀብላ ሸኘችው። ይህን ነው «ወጣቱን ከአገሩ ጋር አስተሳሰርን» የምትሉኝ?

«እንደ አይሁዶቹ ማድረግ አለብን» የሚል ሰውም አያልቅም። እሺ፣ እነሱን እንይ። በርዝራይት የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ተመሥርቶ፣ ከዓለም ዙሪያ አይሁድ ወጣቶችን በነፃ አሥር ቀን እስራኤል ይወስዳል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሄደዋል። ገንዘቡና አደረጃጀቱ ያስቀናል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ሰኔ 2018 አምስት ወጣት ሴቶች ከቡድኑ ተነጥለው ወጡ። ለምን? ጉዞው ፍልስጥኤማውያንን ሳያሳያቸው ሊያልቅ ነበራ! ራሳቸው ሄደው ኬብሮንን አዩ። የእነሱ ልጆች እንኳ በተመረጠ መስኮት መመልከት አንገፍግፏቸው አውቶቡሱን ጥለው ሄዱ። እኛ ከእነሱ የምንቀዳው ያንን መስኮት ነው?

መቅዳት ካስፈለገ ሌላ ነገር አለላችሁ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1991 ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል በአውሮፕላን ተወስደዋል። ዛሬ እዚያ የተወለዱ ልጆቻቸው ወደ ጎንደር እየመጡ አምቦበርን፣ ወለቃን፣ የአያቶቻቸውን መንደር ይፈልጋሉ። «እናቴ ውሃ የቀዳችበት ምንጭ የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አንድ የሚያውቀው ሰው ፈልጎ ማግኘት አለበት። ምንጩን የሚያሳየው የመንደሩ ሰው ነው። ከሰው ጋር ሳይነጋገር ሊመለስ አይችልም። ልዩነቱ ይታያችኋል?

ወደ ራሳችን ጉድ ልመለስ። በ2014 ኅዳር ማለቂያ ደሴና ኮምቦልቻ ከጦርነቱ ወጡ። የእኛ አካባቢ ቁስሉ ገና ትኩስ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው የተዘረፈ። ልክ በዚያው ሰሞን አንድ ሚሊዮን ዳያስፖራ ለገና አገሩ ይግባ ተብሎ ተጠራ። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ! ሕዝቡ የተቃጠለ እህሉን እየለቀመ፣ ሆቴሉ በእንግዳ መቀበያ ጽሑፍ ተሸለመ። በ2016 ደግሞ ጥሪው ለሁለተኛው ትውልድ ሆነ፤ በሦስት ዙር ና፣ መሠረትህን እወቅ ተባለ። ጥሩ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 አስቸኳይ ጊዜ ታውጆ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔቱ ተዘግቶ እኮ ነበር! የሐይቅ ወጣት የአጎቱ ልጅ ከሜሪላንድ ይምጣ አይምጣ በቴሌግራም መጠየቅ አይችልም ነበር። መሠረቱን ዘግታችሁ «መሠረትህን እወቅ»? ይህንን ያየ፣ ያወቀ፣ ዝም ያለ ስንቱ ነው? የአበባውን ፎቶ ያጋራውስ?

አሁን አንጀቴን ወደሚያቃጥለኝ ልምጣ። «ዳያስፖራ» የምንለው ማንን ነው?

የሐይቅ፣ የውጫሌ፣ የአምባሰል ልጅ አብዛኛው የተሰደደው ወደ አሜሪካ አይደለም። ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ቤሩት፣ ወደ ኩዌት ነው። በባቲ ወርዶ፣ አፋርን አቋርጦ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመንን ተሻግሮ። ያልሞተው ደርሶ፣ የሰው ቤት ጠርጎ፣ የሰው ሽማግሌ አጥቦ፣ የሐይቅን ቆርቆሮ ቤት የሠራው እሱ ነው። እሷ ናት! በ2006 ብቻ ከ160,000 በላይ ሰው ከሳዑዲ ተባርሮ በዚያው በቦሌ ገባ። አበባው የት ነበር? ባንዱ የት ነበር? ነሐሴ 2015 ሂውማን ራይትስ ዎች የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን እንደገደሉ ዘገበ። ከጥቂት ወራት በኋላ አደባባዩ ላይ «እንኳን ወደ አገራችሁ መጣችሁ» የሚል ባነር ተሰቀለ። ለነሱ አልነበረም።

ፌስታል አንጠልጥላ፣ ሥራዋንና ጤናዋን ጥላ የምትመለስ ልጅ «ተመላሽ» ትባላለች፤ ቅጽ ትሞላለች፤ ወረፋ ትይዛለች። ዶላርና የውጭ ፓስፖርት ያለው ደግሞ «የአገር ልጅ»፣ «የአገር አምባሳደር»፣ «ትውልደ ኢትዮጵያዊ» ይባላል። ሁለቱም የአንድ አያት የልጅ ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሐይቅ ውስጥ ደግሞ ናቸው። እንደ ኪሳቸው ነው የምንቀበላቸው። ይህ ነውር ነው። ነውር መሆኑን ደግሞ እያንዳንዳችሁ ታውቁታላችሁ።

«ኧረ ልጆቹ ምን አድርገው? እነሱማ ንጹሓን ናቸው» የሚለኝ አለ። ልክ ነው፤ ልጆቹን አልወቅስም። የምወቅሰው እናንተን ወላጆቹን ነው። ሃያ ዓመት ቤት ውስጥ አማርኛ ሳታናግሩት፣ የአያቱን ስም እንኳ አስተካክሎ መጥራት ሳያውቅ፣ ለአንድ አውቶቡስ ሺ ዶላር ከፍላችሁ «ሥሩን ይወቅ» ትላላችሁ። ያ ዶላር የእናንተን ሥራ ሊሠራላችሁ ነው? እናቴ የእህቴን ልጅ ሰላም ስትለው የመለሰላት «ደና ነኝ» ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያወራችው ለኔ ነበር፤ እሱ ቆሞ ፈገግ ይላል። ያን ፈገግታ አስጎብኚ አይፈታውም። በሳምንት ሁለት ቀን የምትደውሉበት ስልክ አለ፤ ልጁን አስጠግታችሁ ከአያቱ ጋር ብታገናኙት ምን ያስከፍላችኋል?

ገንዘብ ያመጣል የሚለውም አለ። የት ያመጣል? አዲስ አበባ ሆቴል፣ የመኪና ኪራይ፣ የአውሮፕላን ትኬት። ሐይቅ የሚቀረው የዓሣው ሒሳብ ነው። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ደግሞ ቀጥ ብላችሁ ተናገሩ፤ «መንገዱ ለጊዜው አያስኬድም፣ ሕዝባችን ችግር ላይ ነው» በሉ። በአውሮፕላን ላሊበላ አሳርፋችሁ፣ ከላይ ወሎን አሳልፋችሁ፣ «ወሎን ጎበኘን» አታሰኟቸው።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። ቲሸርቱን ተዉት። ልጁ ክረምቱን ሙሉ ይምጣ፤ ሁለት ወር። ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ ግሸን ሥር ያለ ቤት ይደር። ሌሊት በባትሪ ሽንት ቤት ይሂድ፣ ሙስሊም ጎረቤት ቤት ቡና ይጠጣ፣ በ1966 እና በ1977 ረሀብ ስለሞቱት የአባቱ ዘመዶች አዛውንቶቹ ይንገሩት። ይጠይቅ፤ ይከራከር፤ ይናደድም። ከቤሩት የተመለሰች እኩያው ጋ ቁጭ ይበል፤ የሱን ትረካና የሷን ትረካ ይለዋወጡ። ከውጭ ለሚመጣ ለእያንዳንዱ ወንበር፣ አንድ ላሊበላን ረግጦ የማያውቅ የተሁለደሬ ወይም የአምባሰል ወጣት በዚያው አውቶቡስ ወንበር ይሰጠው፤ አስጎብኚው ምን እንደሚል እሱም ይስማና ሲሳሳት ያርመው።

«ወላጆች ይፈራሉ፣ ኢንሹራንስ አይፈቅድም፣ ስፖንሰሩ ቪዲዮ ይፈልጋል» ልትሉ ነው። ሰምቻለሁ፤ ሁሉንም ሰምቻለሁ። እንግዲያው ሌላ መልስ ያለው አዘጋጅ ካለ፣ የሚቀጥለውን ጉዞ ከማወጁ በፊት ሐይቅ ከተማ ይምጣ፣ የሐይቅን እናቶች ሰብስቦ የልጅ ልጆቻቸው ለምን አንድ ሌሊት ማደር እንደማይፈቀድላቸው ፊት ለፊት ይንገራቸው።