ኳሱም ትምህርቱም የልጆቻችን ነው

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላትና የሰፈራችን ነዋሪዎች፣

እንደሚታወቀው ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሰፈራችን ሜዳ ይከፈታል። ክረምት በገባ ቁጥር ልጆቻችን ቡድን አቋቁመው፣ ለማልያ ከየቤቱ አዋጥተው፣ ለዋንጫና ለበግ ይጫወታሉ። ይህ መልካም ነገር ነው። ኳስ የሚጫወት ልጅ አካሉ ይዳብራል፣ ከጫትና ከፑል ቤት ይርቃል፣ ተሸንፎ እጅ መጨባበጥንም ይለምዳል። ውድድሩ ይቅር የሚል ወላጅ ካለ ማኅበሩ አይስማማም።

ነገር ግን አንድ ጉዳይ ሳንደብቅ መነጋገር አለብን። አምና ውድድሩ ጳጉሜ ሳይገባ ማለቅ ሲገባው የመስከረምን አጋማሽ አልፎ ነው ያለቀው። ትምህርት ተጀምሮ ሳለ ልጆች ደብተራቸውን በማልያ ጠቅልለው ሜዳ ዋሉ። ፕሮግራሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የልጆቹ ሳይሆን የኛ የትልልቆቹ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአዲስ አበባ የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚወርድ ሜዳው ለጨዋታ የሚመቸው ጠዋት ነው። በሰፈራችን የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጠውም ጠዋት ነው። ልጁ ደግሞ አንድ ነው። ፊሽካ ከተነፋ ወዴት እንደሚሮጥ ሁላችንም እናውቃለን፤ እኛም በልጅነታችን የሮጥነው ወደዚያው ነበር። በዝናብ የተቋረጠው ጨዋታም ወደሚቀጥለው ሳምንት እየተገፋ፣ እየተገፋ መስከረም ይደርሳል።

ነገሩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ይህ በኳስ የመጣ ነው አልልም። ይሁንና ወደ ኋላ የቀረ ልጅ ጓደኞቹ ላይ የሚደርሰው በክረምት ነው። እኔ ትምህርቴን ያቋረጥኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ዛሬም አንዲት ደብዳቤ ለመጻፍ ሦስት ወረቀት አበላሻለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ነው የምናገረው።

ሁለቱን ማስማማት ይቻላል። ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ኳስ ተጫዋችም፣ የተማሩ ሰውም ነበሩ። ኳሱን ብቻ ይዘው ቢቀሩ ኖሮ ከዚያ ወንበር ባልደረሱ።

በመሆኑም ማኅበሩ ለዘንድሮ የሚከተለውን ሐሳብ ያቀርባል፦

1ኛ. ከሰኞ እስከ ሐሙስ ጠዋት ጠዋት ውድድር አይኑር። ጨዋታ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሁድ ይደረግ፤ የዓርቡም ከጁምዓ በፊት ይለቅ።

2ኛ. የ12ኛ ክፍል ልጆች ፈተናቸውን ሳይጨርሱ ውድድሩ አይጀመር።

3ኛ. በዝናብ ለሚቋረጡ ጨዋታዎች ከወዲሁ ሁለት ቅዳሜ ይያዝ። የዋንጫው ጨዋታ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ በሚመጣው የመጀመሪያ እሁድ ይሁን፤ ከዚያ አይለፍ።

4ኛ. ለማጠናከሪያ ተመዝግቦ ያለ ምክንያት የቀረ ልጅ፣ የቡድኑ ኮከብ ቢሆንም እንኳ፣ በዚያ ሳምንት አይሰለፍ።

አራተኛው አሰልጣኞችን እንደሚከብዳቸው እናውቃለን። ግን ልጁ የአሰልጣኙን ቃል ከኛ ከወላጆቹ ይልቅ ይሰማል፤ ይህ ሊታለፍ የማይገባ ኃይል ነው። እኛ ወላጆችም ጎል ሲገባ እንደምንጮኸው ሁሉ ማታ ማታ ደብተሩን ገልጠን እንይ። ማንበብ ባንችል እንኳ የተጻፈበትና ያልተጻፈበት ገጽ ይለያል።

በሚቀጥለው እሁድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ስብሰባ ስላለ ወላጆችም፣ አሰልጣኞችም፣ ተጫዋቾቹ ራሳቸውም እንድትገኙ በአክብሮት እንጠይቃለን። የተሻለ ሐሳብ ያለው ይዞ ይምጣ። የቀረ ሰው ግን በኋላ ሜዳ ዳር ቆሞ እንዳያማን።

የማኅበሩ ጸሐፊ