የሰፈር መንገዶቻችን ፍጥነት በ30 ይገደብ

አዲስ አበባ ውስጥ ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ከመኪናው የተለየ የብስክሌት መንገድ ማየት ለምደናል። ብስክሌት የሚነዳ ሰው ግን ጉዞውን የሚጀምረው ከቤቱ በር ነው። ወደ ብስክሌቱ መንገድ የሚያደርሰው የውስጥ ለውስጥ መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ጠባብ ነው፤ የእግረኛ መሄጃ የለውም፤ ዳርና ዳሩን መኪና ይቆምበታል፤ ዋናው ጎዳና ሲጨናነቅ ደግሞ ሚኒባሱም የቤት መኪናውም አቋራጭ ያደርገዋል። እዚያ ሌላ መስመር ለማስመር ቦታ ስለሌለ የቀረን አማራጭ መኪናውን ማዘግየት ነው። ስለዚህ ከብስክሌት መንገዶቹ ጋር በሚገናኙ የሰፈር መንገዶች ሁሉ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንዲሆን አብረን እንጠይቅ።

ቁጥሩ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። ልጅ ብስክሌቱን እየገፋ ከግቢ በር ድንገት ብቅ ቢል፣ አሽከርካሪው አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ ያቺ ሰከንድ ታልፋለች፤ መኪናው ፍጥነቱ መቀነስ የሚጀምረው ያን ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው። በ30 የሚሄደው ግን በደረቅ አስፋልት በዚያው ርቀት ላይ ቀጥ ይላል። ክረምት ኮብልስቶኑን ሲያረጥበው ሁለቱም ለመቆም ተጨማሪ ርቀት ስለሚፈልጉ ፈጣኑ ይበልጥ አደገኛ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2020 ስቶክሆልም ላይ የወጣው የመንገድ ደህንነት መግለጫ እግረኛ፣ ብስክሌትና መኪና በሚቀላቀሉበት መንገድ ፍጥነቱ ከ30 እንዳያልፍ የጠየቀው ለዚህ ነው። አብዛኞቹን የመኖሪያ ሰፈር መንገዶቿን በ30 የገደበችው ሄልሲንኪ እ.ኤ.አ. በ2019 አንድም እግረኛ በመኪና አደጋ አልሞተባትም።

«እንዘገያለን» የሚል ይኖራል። አንድ ኪሎ ሜትር ሙሉ በሰፈር ውስጥ ያለማቋረጥ በ50 መንዳት ቢቻል እንኳ ልዩነቱ 48 ሰከንድ ነው። «ብስክሌት የሚነዳው ስንት ሰው ነው?» ለሚለውም፣ ወላጅ ልጁን ወደማያምነው መንገድ አይልክም፤ ደግሞም ከዝግታው ከሁሉ በላይ የሚጠቀመው በእግሩ የሚሄደው ነው። ከባዱ ተቃውሞ «ምልክት ቢተከል ማን ያከብረዋል?» የሚለው ሲሆን፣ እውነት አለው። የተተከለ ሰሌዳ ብቻውን መኪና አያዘገይም። ስለዚህ የምንጠይቀው በልኩ የተሠራና ቀለም የተቀባ ጉብታ፣ ከፍ ያለ የእግረኛ ማቋረጫና ከዋናው መንገድ ሲታጠፉ ጠበብ የሚል መግቢያ ጭምር ነው። ነዋሪ በጭንቀት በራሱ ሲሚንቶ የሚያበጀው ጉብታ በጨለማ ብስክሌተኛውን ራሱን ይጥላል፤ ሥራው የባለሙያ መሆን አለበት።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ወይም የወላጆችና መምህራን ጉባኤ ላይ ጉዳዩ አጀንዳ ይያዝ። ወደ ብስክሌቱ መንገድ የሚወስዱትን የሰፈራችሁን መንገዶች በእግር ሄዳችሁ እዩ፤ መኪና የሚከንፍበትን፣ ማዞሪያው የማያሳይበትን፣ ተማሪ የሚሻገርበትን ቦታ መዝግቡ፣ ፎቶ አንሱ። ከነዋሪው ፊርማ ጋር ለወረዳችሁ አስገቡ፤ ግልባጩን ለከተማው ትራፊክ ማኔጅመንት ባለስልጣን አድርሱ፤ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን ይዛችሁ ምላሹን ተከታተሉ። መሪ የምንጨብጥ ደግሞ የማንንም ውሳኔ ሳንጠብቅ፣ ወደ ሰፈር ስንታጠፍ ከዛሬ ጀምሮ ከ30 በታች እንንዳ።